ውሃው እስከ የት ይደርሳል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ የማወራችሁ ለብዙ ዓመታት እንጀራዬ ስለሆነው ሥራ ነው። በካናዳ የፕሬሪ ሜዳ፣ በተለይ በማኒቶባና በሳስካቸዋን ግዛቶች፣ ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ምን ያህል ውሃ በየት በኩል እንደሚመጣ ለገበሬው አስቀድሞ መናገር ነው ሥራዬ። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ከኮምፒውተር ፊት የሚያልቅ ይመስላል፤ የሚጀምረው ግን ማሳ ላይ ነው። በማርች መጀመሪያ፣ ብርዱ ገና ጣት በሚያደነዝዝበት ወቅት፣ ጫፉ ጥርስ ያለው ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ ይዘን ስንዴ ወደታጨደበት መሬት እንገባለን። ቱቦውን እያዞርን ወደ በረዶው እንሰደዋለን፤ አፈሩን ሲነካ እጅ ያውቀዋል። ከዚያ ከነበረዶው እንመዝነውና የባዶውን ቱቦ ክብደት እንቀንሳለን፤ የሚተርፈው በዚያች ነጥብ ላይ የተኛው ውሃ ነው። ጥቂት እርምጃ ተራምደን እንደገና እንወጋለን። ከአጨዳ የቀረው አገዳ ቆሞ በተተወበት ማሳ ቱቦው እስከ ጉልበት ይጠልቃል፤ ታርሶ ራቁቱን በቀረው ጎረቤት ማሳ ደግሞ ነፋሱ ጠራርጎት አፈሩ ይታያል። በእኛ ቋንቋ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ የሚከመረውንም፣ ወንዝ ላይ የሚጋገረውንም በረዶ ብለን እንጠራዋለን፤ እዚህ አገር እስክመጣ ድረስ እነዚህን ለይቶ ማየት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አልገባኝም ነበር።

በፕሬሪ ከዓመቱ ዝናብና በረዶ ውስጥ የበረዶው ድርሻ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም በየአካባቢው ወደ ጅረት የሚወርደው ውሃ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆነው ከዚሁ በረዶ መቅለጥ ይመጣል፤ የበጋው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ሰብሉ ይጠጣዋል። ስለዚህ በረዶውን የመዘነ ሰው ጎርፉን ያወቀ ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ወሳኙ አፈሩ በኦክቶበርና በኖቬምበር እንዴት ሆኖ እንደተኛ ነው። መሬቱ ጠግቦ ሳለ ብርዱ ከደረሰበት እንደ ሲሚንቶ ይደድራል፤ በጸደይ የሚቀልጠው ውሃ ሳይሰርግ በላዩ ይንሸራተታል። ደርቆ ከቀዘቀዘ ግን ስንጥቁና ቀዳዳው ክፍት ስለሚሆን፣ ያንኑ ያህል በረዶ ጠጥቶ ዝም ይላል።

ከዚህ በላይ አስቸጋሪው የመሬቱ ቅርጽ ነው። የጥንት ግግር በረዶ ሲያፈገፍግ በዚህ ሜዳ ላይ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ትናንሽ ጎድጓዳ ስፍራዎች ትቶ ሄዷል። እያንዳንዱ ኩሬ እስኪሞላ ድረስ ውሃውን ይዞ ያቆያል፤ ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ይፈስሳል፤ ያም ሲሞላ ወደ ሌላው ያልፋል። በደረቅ ዓመት ሰፊ መሬት ለወንዙ አንዲት ጠብታ አያዋጣም፤ በእርጥብ ዓመት ግን ኩሬዎቹ ተያይዘው ድንገት አንድ ጅረት ይሆናሉ። ለተራራ አገር የተሠራ የወንዝ ስሌት እዚህ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው። በሳስካቸዋን ዩኒቨርሲቲ እነ ጆን ፖምሮይ ለቀዝቃዛ አገር የሚሆን የራሱ ሞዴል ለመሥራት የተነሡትም ለዚህ ነው፤ ነፋስ የሚያንቀሳቅሰውን በረዶ፣ የደደረውን አፈርና የኩሬዎቹን መሙላት አንድ ላይ ያሰላል። በዚሁ ሞዴል በሳስካቸዋን በሚገኘው በስሚዝ ክሪክ ተፋሰስ ላይ በተደረገ ጥናት፣ የቀሩት ኩሬዎች በሙሉ በቦይ ተጠንፍፈው ቢሆን ኖሮ የ2011ዱ ጎርፍ ከፍተኛ ፍሰት በ78 ከመቶ ይጨምር እንደነበር ታይቷል። ይህን ባነበብኩበት ቀን ያደግሁበት ፎገራ ትዝ አለኝ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ቤትና ከብት እናጣለን፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ እንዘራለን። አባቴ በሐምሌ ማታ ማታ ከደጅ ቆሞ «ውሃው ዘንድሮ እስከ የት ይደርስ ይሆን?» ይል ነበር። ይዘንብ እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም፤ እስከ የት እንደሚደርስ ነበር የሚጠይቀው።

ስለ 1997ቱ የሬድ ሪቨር ጎርፍ ልንገራችሁ፤ በሙያችን ውስጥ እኔን እንደዚህ ያስጨነቀኝ ታሪክ የለም። ይህ ወንዝ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዊኒፔግ ሐይቅ ይፈስሳል። የላይኛው ክፍሉ ደቡብ ስለሆነ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ውሃው ሲወርድ የታችኛው ክፍል ገና በረዶ እንደሆነ ያገኘዋል። ሸለቆውም የጥንቱ የአጋሲዝ ሐይቅ ወለል በመሆኑ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ ነው፤ ከዳርቻው አንዴ የወጣ ውሃ የሚያቆመው የለም። በዚያ ዓመት በኖርዝ ዳኮታ ለምትገኘው ለግራንድ ፎርክስ ከተማ በክረምቱ መጨረሻ የተሰጠው ትንበያ 49 ጫማ፣ ማለትም ወደ 15 ሜትር ገደማ ነበር። ሕዝቡ ያንን ቁጥር ይዞ ሌሊትና ቀን የአሸዋ ከረጢት ደረደረ፤ መከላከያውንም ከቁጥሩ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሠራ። ውሃው ከ54 ጫማ አለፈ፤ ከተማዋ ከሞላ ጎደል በሙሉ ባዶ ሆነች። በማኒቶባ በኩል የተፈጠረው የውሃ ሜዳ በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ደርሶ ሰዎች «ቀይ ባሕር» ብለውታል። ዊኒፔግን ከከፋ ጉዳት ያዳናት ከ1950ው ጎርፍ በኋላ የማኒቶባ ግዛት መሪ የነበሩት ዳፍ ሮብሊን ብዙ ተቃውሞ ችለው ያስቆፈሩት፣ በ1968 የተጠናቀቀው 47 ኪሎ ሜትር የጎርፍ ማስተላለፊያ ቦይ ነው።

ትንበያ መሳሳቱ አያስገርመኝም፤ ከፌብሩዋሪ በኋላ የሚጥለውን በረዶና ዝናብ ማንም በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም። የሚያሳዝነኝ፣ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ሕዝቡ በግልጽ ሳይነገረው መቅረቱ ነው። 49 የተባለ ሰው 49ን ጣሪያ አድርጎ ያየዋል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔም ያንኑ ጥፋት ፈጽሜአለሁ። ከዊኒፔግ ደቡብ፣ ወደ ሬድ ሪቨር የሚገባ ትንሽ ጅረት አጠገብ የሚያርሱ አንድ አዛውንት ገበሬ አሉ፤ ማሳቸው ላይ በረዶ ስለምንለካ ተዋውቀናል። በ2021 ድርቁ የፕሬሪን ምርት ከሲሶ በላይ ሲቆርጠው እርሳቸውም ከብቶቻቸው የሚጠጡበት ኩሬ ደርቆባቸው የመንጋቸውን ግማሽ ሸጡ፤ ካኖላ የሚባለው የቅባት እህላቸውም ጥቂት ነበር፤ ዋጋው ግን ጣሪያ ነክቷል። ያችን ጥቂት ካኖላ በጅረቱ በኩል ባለው የቆርቆሮ ጎተራ አስቀምጠው ዋጋ ይጠብቁ ነበር። በማርች 2022 «ጎተራዬ ጋ ይደርሳል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም መካከለኛውን ግምት ነገርኳቸው፤ በዚያ ግምት ውሃው አይደርስም ነበር። በኤፕሪል ማዕበል በማዕበል ላይ ተከታትሎ በረዶና ዝናብ አወረደ፤ የሞሪስ ከተማ አውራ ጎዳና በውሃ ተዘጋ፤ ዘሩም እጅግ ዘገየ። እህሉን ለማንሣት ሲነሡ መንገዱ ላልቶ በከባድ መኪና ላይ የክብደት ገደብ ተጥሎ ነበር። የጎተራው ታችኛው ክፍል ረጥቦ ካኖላው ተበላሸ።

በጁን ሄጄ አገኘኋቸው። አልተቆጡም። «ያን ቀን የምታውቀው ሌላ ቁጥር ነበረ?» አሉኝ። ነበረ። የማኒቶባ የትንበያ ማዕከል ራሱ በየዓመቱ የሚያወጣው ሦስት ግምት ነው፤ የአየሩ ሁኔታ ቢመች፣ መካከለኛ ቢሆንና ቢከፋ። የከፋው የመድረስ ዕድሉ ከአሥር አንድ ያህል ነው። ያንን የከፋውን አውቄው ሳልነግራቸው የቀረሁት ማስፈራራት ስላልፈለግሁ ነበር። ከአሥር አንድ ለእኔ ትንሽ ነው፤ የዓመት ልፋታቸው በአንድ ጎተራ ለተቀመጠባቸው ሰው ግን ጊዜው ሳያልፍ መኪና ለመጥራት የሚበቃ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ ለድርቁም እንደዚሁ አደርጋለሁ። ኩሬው እስከ ኦገስት ይበቃል አልልም፤ በምን ያህል ዕድል እንደሚበቃና ካልበቃ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ እነግራለሁ፤ ከብት ገበያው ሳይወድቅ መሸጥ ወይም መኖ መግዛት የሚቻለው ቀድሞ ሲታወቅ ነውና።

ባለፈው መከር አዛውንቱ ስልክ ደውለው ጠሩኝ። አፈሩን ቆፍረን አየነው፤ እስከ ክንድ ድረስ እርጥብ ነበር። ከዚያ ቀይ ቀለምና ብሩሽ አምጥተው ወደ ጎተራው ወሰዱኝና፣ ሦስቱ ግምቶች እያንዳንዳቸው የት እንደሚደርሱ በሜትር እየለካሁ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። በጎተራው ቆርቆሮ ላይ ሦስት መስመር አሰመሩ፤ የላይኛው ከበሩ ጣራ በአንድ ስንዝር ብቻ ዝቅ ይል ነበር። እሱን አይተው ጥቂት ዝም አሉና፣ እህሉን ከገና በፊት ለማስነሣት ለልጃቸው ደወሉ።