የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ከአፕዴት በኋላ የሚመጣው ቀይ ማስጠንቀቂያ

«ኮምፒውተሬ አፕዴት አድርጎ ሲነሳ ድረ ገጹ ሁሉ በቀይ ምልክት አልከፍት አለኝ» የሚል ስልክ ከጎንደርና ከአካባቢዋ ስለበዛ የዛሬውን ክፍለ ጊዜ ለእሱ ሰጥተነዋል። የሚመልሱልን ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ባለሙያ ናቸው።

ከማራኪ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወጣት፦ ዴስክቶፑ ማታ አፕዴት ጨርሶ ሲዘጋ መብራት ሄደ። ጠዋት ሳስነሳው ጂሜይልም፣ ቴሌግራምም፣ ምንም አልከፍት አለ። ቀኑ ተበላሽቶ ስለነበር አስተካክያለሁ፤ ያው ነው። ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቀኛል፣ ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ኧረ ተው! ፎርማት የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ አንተ ገና ራስ ምታት ላይ ነህ። ይልቅ ቀኑን ስታስተካክል ዓመቱን ስንት አልከው?

— የኛኑ ነዋ፣ 2018።

መልስ፦ ይኸው ተገኘ! አትፈር፣ በዚህ ምክንያት ላፕቶፑን ይዞ የመጣ መምህርም አጋጥሞኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፊኬት አለው፣ እንደ መታወቂያ በለው። መታወቂያው ላይ ሁለት ቀን አለ፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት። ኮምፒውተርህ እነዚህን ቀኖች የሚያመሳክረው ከራሱ ሰዓት ጋር ነው። አንተ 2018 ስትለው እሱ የፈረንጁን 2018 ይረዳል። የጂሜይል ሰርተፊኬት ደግሞ የተሰጠው በቅርቡ ነው። ስለዚህ ለማሽንህ ይህ ገና ያልተወለደ ልጅ የክርስትና ካርድ ነው፤ አልቀበልም ቢል አይፈረድበትም።

ጥምቀትን አስብ። እኛ ፋሲለደስ መዋኛ የምንወርደው ጥር 11 ነው፤ ቱሪስቱ የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጠው ግን ለጃንዋሪ 19 እንዲደርስ ነው። ቀኑ አንድ፣ ስሙ ሁለት። ኮምፒውተር የሚያውቀው የቱሪስቱን ብቻ ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ፦ ጠዋት 3 ሰዓት ለእሱ 9 ነው።

አሁን ስልክህ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን እያየህ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በእጅህ አስገባ። ከዚያ የሰዓት ክልሉን ተመልከት። ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን ብዙ ጊዜ የአሜሪካን ሰዓት ይዞ ነው የሚነሳው። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ስትፈልግ አትድከም፤ ናይሮቢ የሚለውን ምረጥ፣ እነሱም እኛም ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን። በመጨረሻ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ጋር የሚያስተካክለውን «ሲንክ ናው» የሚለውን ጫን። መጀመሪያ በእጅህ አስገባ ያልኩህ በምክንያት ነው፤ ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን ዊንዶውስ በራሱ ለማረም አይደፍርም። ሞክረውና መልሰህ ደውል።

ከአዘዞ፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፦ የኔ ደግሞ ቀኑ ትክክል ነው። ፀረ ቫይረሱ አፕዴት ከሆነ ወዲህ ግን የከፈትኩት ገጽ ሁሉ «ኦቶሪቲ ኢንቫሊድ» ይላል። ልጄ «አድቫንስድ» የምትለዋን ተጭነሽ እለፊ አለኝ። ልለፍ?

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎ ለመርዳት ብሎ ነው፣ ግን አይለፉ። እዚህ ላይ ማሽኑ የሚለው «መታወቂያውን አየሁት፣ የሰጠውን ቀበሌ ግን አላውቀውም» ነው። አንድ ገጽ ብቻ ቢሆን ችግሩን የባለ ገጹ እንለው ነበር። ገጹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሆነ ግን ጥፋቱ እርስዎ ጋር፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ብዙ ፀረ ቫይረሶች የተመሰጠረውን ግንኙነት ለመፈተሽ መሀል ገብተው ይቆማሉ። የድረ ገጹን ሰርተፊኬት ተቀብለው በራሳቸው ሰርተፊኬት ተክተው ለብራውዘሩ፣ ማለትም ድረ ገጽ ለሚከፍተው ፕሮግራም ይሰጡታል። በአፕዴቱ ጊዜ የፀረ ቫይረሱ ሰርተፊኬት ከታማኞች ዝርዝር ከወጣ ወይም ከተለወጠ ብራውዘሩ ሁሉንም ይጠረጥራል። ለማረጋገጥ ማስጠንቀቂያው ላይ ሰርተፊኬቱን ይክፈቱና «ኢሹድ ባይ» (የሰጠው) ከሚለው አጠገብ ያለውን ስም ያንብቡ። የፀረ ቫይረሱ ስም ከሆነ ጥሩ፣ ፀረ ቫይረሱን ከኮምፒውተሩ ላይ አስወግደው እንደገና ይጫኑት። የማያውቁት ስም ከሆነ ግን ኢንተርኔቱን ያቋርጡና ማሽኑን ባለሙያ ዘንድ ያድርሱት። በፈረንጆቹ 2015 ሌኖቮ ላፕቶፖች ውስጥ ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣ ሱፐርፊሽ የሚባል የማስታወቂያ ፕሮግራም ልክ እንዲህ መሀል ገብቶ ተገኝቶ ዓለምን አነጋግሯል። ከፋብሪካ የመጣው እንዲህ ከሆነ፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ክራክ፣ ያለ ፈቃድ የተከፈተውን ፕሮግራም፣ እርስዎ ያስቡት። ለመሆኑ ዊንዶውሱ ስንት ነው?

— 7 ነው መሰለኝ።

መልስ፦ እንግዲህ ለርዕሰ መምህሩ ይንገሩልኝ። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ የተቋረጠው በጃንዋሪ 14፣ 2020 ነው፤ ክሮም የተባለው ብራውዘርም በላዩ ላይ ከ109ኛው እትም አላለፈም። ያረጀ ማሽን አዳዲስ ሰርተፊኬት ሰጪዎችን አያውቅም። በሴፕቴምበር 30፣ 2021 ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ነፃ ሰርተፊኬት ሰጪ ይደገፍበት የነበረ አንድ የቆየ ሥር ሰርተፊኬት (የሌሎቹ ሰርተፊኬቶች እምነት የሚነሣበት) ዘመኑ ሲያበቃ፣ አፕዴት የማያደርጉ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎች ደህና ገጾችን አንከፍትም ብለው ነበር። የእርስዎን ፀረ ቫይረስ ብናስተካክለውም ይህኛው ዕዳ ይቆያል።

ከፋሲል ግቢ አካባቢ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፦ እንግዶቼ ዋይፋዩን ሲይዙ ቀይ ገጽ ይመጣብናል ይላሉ። ሌባ ነው የሚሉኝ!

መልስ፦ ጋሼ፣ ስምዎን የሚያጠፋው የዋይፋዩ መግቢያ ገጽ ነው። እንግዳው ጎግልን ሲጠራ የእርስዎ መሣሪያ በጎግል ፋንታ ብቅ ብሎ «መጀመሪያ የይለፍ ቃል አስገባ» ይላል። ብራውዘሩ ደግሞ የጠራሁት ሌላ፣ የመጣው ሌላ ብሎ ይጮኻል። እንግዳው ኔቨር ኤስኤስኤል ዶት ኮም (neverssl.com) ብሎ ይጻፍ፤ ያ ገጽ ሆን ተብሎ ያለ ምስጠራ የተሠራ ስለሆነ መግቢያው በሰላም ይመጣለታል። አድራሻውን ወረቀት ላይ ጽፈው እንግዳ መቀበያው ላይ ይለጥፉት።

ከአራዳ፣ የጉብኝት ድርጅት ያላት ወጣት፦ የድርጅቴ ድረ ገጽ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ አፕዴት ከተደረገ በኋላ ለእኔም ለደንበኞቼም ቀይ ሆነ። ስሜን ፈልገው የገቡት ደንግጠው ይመለሳሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ የአንቺ ለየት ይላል፤ ሁሉም ሰው ዘንድ ቀይ ከሆነ ጎብኚው የሚያደርገው ምንም የለም፣ መታወቂያው ያለቀው የአንቺ ነው። የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት ከሆነ ዕድሜው 90 ቀን ነው፤ በየጊዜው የሚያድሰው ፕሮግራም በሰርቨሩ አፕዴት ሳይቆም አልቀረም። ድረ ገጽሽን ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀምጥልሽን ድርጅት «አውቶማቲክ እድሳቱ ይሠራል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። «ለዛሬ በእጅ አድሰነዋል» ቢሉሽ በቃ አትበይ። ለማንኛውም ድረ ገጽ የሚሰጠው ሰርተፊኬት የዕድሜ ጣሪያ ከ398 ቀን ወደ 200 እንዲወርድ የተወሰነው ከማርች 15፣ 2026 ጀምሮ ነው፤ በማርች 2027 ወደ 100፣ በማርች 2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። በየወር ከምናምኑ በእጅ ማደስ አያዋጣም።

ከአዘዞ የደወሉት ጸሐፊ በድጋሚ፦ ያን «እለፊ» የሚለውን መቼም አይጫኑ ነው የሚሉኝ?

መልስ፦ አንድ ቦታ ይቻላል፦ ቤትዎ ያለውን የራስዎን ዋይፋይ ለማስተካከል 192.168.1.1 ብለው ሲገቡ፣ ያ ዕቃ ለራሱ የጻፈው መታወቂያ ስለሆነ ይጮኻል፤ ይለፉት። ባንክ፣ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ላይ ግን በፍጹም። ደግሞ አንዳንዱ ገጽ ላይ «እለፍ» የምትለዋ ጭራሽ አትመጣም። ባለ ገጹ አስቀድሞ ብራውዘሩን «ትክክለኛ ሰርተፊኬት ከሌለ ማንንም ወደ እኔ እንዳታስገባ» ብሎ ስላዘዘው ነው እንጂ ኮምፒውተርዎ ተበላሽቶ አይደለም።

የማራኪው ወጣት ተመልሶ፦ ጋሼ፣ ተከፈተ! ግን ሶኬቱን ነቅዬ ስሰካው ቀኑ እንደገና ወደ 2012 ሄደ።

መልስ፦ አፕዴቱን በከንቱ ነው የወቀስነው፤ ባትሪህ ሞቷል። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፣ መብራት ሲሄድ ሰዓቱን የምታቆየው እሷ ናት። ሲአር 2032 በላቸው፤ 20ው ስፋቷ በሚሊ ሜትር፣ 32ቱ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሰዓት ሠሪ ዘንድም አታጣትም። ስትቀይር ሶኬቱን ንቀል፣ ጽሑፍ ያለበት ፊቷ ወደ ላይ ይሁን፣ ከዚያ ቀኑን አንዴ አስተካክል። በፈረንጁ!