ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር

የተከበራችሁ የሂሳብና የአማርኛ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

የአማርኛ መምህሩ ስለ ማሰሪያ አንቀጽ አስተምሮ ይወጣል። የሂሳብ መምህሯ ትገባና ስለ ተለዋዋጭ ታስተምራለች። ተማሪው ደብተር ይቀይራል፤ ርዕሱም የተቀየረ ይመስለዋል። እኔ ግን ሁለቱም ያስተማሩት ስለ አንድ ነገር ነው ባይ ነኝ፤ ስለ ፕሬዲኬት።

«አበበች መምህር ናት» ከሚለው ላይ አበበችን እናውጣ። «… መምህር ናት» ይቀራል። እውነት ነው ሐሰት? ምንም ማለት አይቻልም። ማን እንደሆነች ሲነገረን ብቻ ነው መፍረድ የምንችለው። ሂሳብም ላይ እንደዚያው ነው። «ሀ ከ5 ይበልጣል» ብቻውን እውነትም ሐሰትም አይደለም። በሀ ቦታ 7 ሲገባ እውነት፣ 3 ሲገባ ሐሰት ይሆናል። ፕሬዲኬት ማለት ይኸው ነው፤ ባዶ ቦታ ያለው፣ ቦታው ሲሞላ የሚፈረድበት አባባል።

አሪስቶትል ዓረፍተ ነገርን ለሁለት ከፈለው፤ የሚነገርለት ነገርና ስለሱ የሚነገረው። ሎጂክ፣ ማለትም የትክክለኛ አስተሳሰብ ጥናት፣ ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በዋናነት በዚህ መንገድ ሄደ። «ሰው ሁሉ ሟች ነው» ለሚለው በቂ ነበር። ችግሩ «ጫልቱ ከበደን ትበልጠዋለች» ላይ ነው። ከበደ የት ይግባ? «ከበደን ትበልጠዋለች» የሚለውን እንዳለ ጫልቱ ላይ ከለጠፍነው ከበደ ተውጦ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመን የየና ዩኒቨርሲቲው ሂሳበኛ ጎትሎብ ፍሬገ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። በባለቤትና በማሰሪያ ፋንታ ከሂሳብ ፋንክሽንን፣ ማለትም ባዶ ቦታው ሲሞላ ውጤት የሚሰጠውን፣ ተዋሰ። ባዶው ቦታ አንድ ብቻ መሆን የለበትም። «ይበልጣል» ሁለት አለው። «ሰጠ» ሦስት አለው፤ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ የተሰጠው ነገር።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም። «ትበልጠዋለች» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ «እሷ»ም «እሱ»ም አሉ። ስሞቹን ባንጠራ እንኳ ግሱ ሁለት ቦታ እንዳለው ያሳብቃል።

ፍሬገ ለ«ሁሉም» ምልክት ሰጠው፤ «አለ»ን ደግሞ በዚሁ ምልክትና በ«አይደለም» ገለጸው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። «የትኛውንም ቁጥር ብትጠሩ፣ እሱን የሚበልጥ ቁጥር አለ።» እውነት ነው፤ አንድ ደምሩበት። «ቁጥሮችን ሁሉ የሚበልጥ አንድ ቁጥር አለ።» ይህ ውሸት ነው። ፕሬዲኬቱ አልተነካም፤ ያው «ይበልጣል» ነው። የተቀየረው የ«ሁሉም» እና የ«አለ» ቅደም ተከተል ነው። ሊሚት፣ ማለትም አንድ ፋንክሽን ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚጠጋ የሚጠየቅበት ትምህርት፣ ብዙ ተማሪ የሚያስለቅሰው በስሌቱ ሳይሆን በዚህ ቅደም ተከተል ይመስለኛል። መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፤ ክፍሉ «አዎ» ይላል፤ የገባው ግን ጥቂት ነው።

ፍሬገም የራሱ ጣጣ መጣበት። ለማንኛውም ፕሬዲኬት፣ እሱ የሚስማማቸውን ነገሮች ሁሉ የሚይዝ ስብስብ አለ ብሎ ነበር። ነገሩ ምንም አይጎረብጥም። በ1902 ግን እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ደብዳቤ ጻፈለት። «ራሱን በአባልነት የማይዝ» የሚለው ፕሬዲኬት ነው። እንደዚህ የሆኑትን ስብስቦች በሙሉ ሰብስባቸው። ይህ አዲሱ ስብስብ ራሱን ይይዛል? ከያዘ፣ መያዝ አልነበረበትም። ካልያዘ፣ መያዝ አለበት። የፍሬገ ዋና ሥራ ሁለተኛ ቅጽ ማተሚያ ቤት ነበር። ችግሩን ሳይደብቅ በመጨረሻው ላይ ጽፎበት በ1903 ወጣ። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስከብረው ይህ ነው።

ይህን ጣጣ ለማስቀረት ጀርመናዊው ሂሳበኛ ኤርነስት ዘርሜሎ በ1908 አንድ ገደብ አበጀ። ፕሬዲኬት ከባዶ ተነስቶ ስብስብ አይፈጥርም፤ አስቀድሞ ካለ ስብስብ ውስጥ ይመርጣል እንጂ። ዛሬ ዳታቤዝ (ኮምፒውተር ላይ በሰንጠረዥ የተቀመጠ መረጃ) ላይ «ከተማሪዎቹ መካከል ከ50 በላይ ያመጡትን አውጣ» ብሎ የሚያዝ ልጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ይጠራል፣ ከዚያ ፕሬዲኬቱን ይሰጣል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።