ስቡ በምን ይሻገራል? የእርሾ ሴልና የማይቶኮንድሪያው ግድግዳ

[ምስል፦ ብርጭቆ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የቀለጠ ቅቤ]

ጠብታ ቅቤ ውሃ ላይ ጣሉ። አይሟሟም፤ ላይ ላይ ይንሳፈፋል። ማድ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። የእርሾ ሴል ግን ከዚህ ነገር ጋር ሲታገል ነው የሚውለው። ውስጡ በአብዛኛው ውሃ ነው። ስቡ የሚመረተው አንድ ቦታ፣ የሚፈለገው ሌላ ቦታ።

ፈላጊው ማይቶኮንድሪያ ነው። «የሴል ኃይል ማመንጫ» የሚለውን ትምህርት ቤት ጠግባችሁታል፤ አልደግመውም። ዛሬ የምናየው ግድግዳውን ነው። ሁለት ሽፋን አለው። የውጪው ልሙጥ ነው። የውስጠኛው እንደ ሽንሽን ቀሚስ ታጥፏል፤ እጥፋቶቹ ክሪስቴ ይባላሉ። ኃይል አምራቾቹ ፕሮቲኖች የተደረደሩት እነሱ ላይ ነው።

ይህን ለማጥናት ለምን እርሾ ተመረጠ? ዳቦ የሚያስነሳው፣ ጠጅም የሚያፈላው ሳካሮማይሲስ ሴረቪዚዬ አንድ ጥሩ ጸባይ ስላለው ነው። በኦክስጅን ኃይል ማምረት ቢያቅተው ስኳር እያብላላ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1949 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዘረመል ተመራማሪው ቦሪስ ኤፍሩሲ ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ ያሉ እርሾዎችን አጥንቶ ነበር። ሳህን ላይ ትንንሽ ሆነው ስለሚያድጉ «ፔቲት» ተባሉ፤ በፈረንሳይኛ ትንሽ ማለት ነው። ስለዚህ የእርሾን ማይቶኮንድሪያ አንድ ክፍሉን አበላሽተው፣ ሴሉ በሕይወት እያለ ምን እንደጎደለው ማየት ይችላሉ። ጨርሶ ያለ ማይቶኮንድሪያ ግን እርሾም አይኖርም።

[ምስል፦ መረብ የመሰለው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ አጠገቡ ማይቶኮንድሪያ]

የሴሉ ዋና የስብ ፋብሪካ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ነው። ባጭሩ ኢአር እንበለው። ብዙዎቹ ሌሎች ክፍሎች ስባቸውን ከኢአር በከረጢት ተጭኖ ያገኛሉ። ማይቶኮንድሪያ ከዚህ የከረጢት መስመር ውጭ ነው። ታዲያ በምን ይሻገርለታል?

እዚህ ጋ የምወደው ሙከራ ይመጣል። ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች፣ ከነሱም በኑዋ ኮርንማንና ፒተር ዋልተር፣ አንድ ብልሃት ዘየዱ። ኢአርንና ማይቶኮንድሪያን የሚያስር አንዳች ነገር ካለ፣ እሱ የተበላሸበት እርሾ በሰው ሠራሽ ገመድ ቢታሰርለት መዳን አለበት አሉ። ገመዱን ከፕሮቲን ሠሩት። አንዱ ጫፉ ኢአር ላይ፣ ሌላው ማይቶኮንድሪያ ላይ ይተከላል። ከዚያ የእርሾውን ጂኖች እንዲያው በዘፈቀደ አበላሹ። ገመዱ ሲኖር የሚያድግ፣ ሲወሰድበት የሚታመም እርሾ ፈለጉ።

አገኙም። የተበላሸው ጂን ኤምዲኤም12 ነበር። አዲስ ጂን አይደለም! እሱ ሲጠፋ ማይቶኮንድሪያው ቱቦነቱን ትቶ እንደ ኳስ እንደሚድቦለቦል ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ነበር ያልገባቸው። ለካስ የጂኑ ፕሮቲን ኢአርንና ማይቶኮንድሪያን የሚያስረው ድልድይ አካል ነው። ሥራው በ2009 ታተመ፤ ድልድዩም ኤርሜስ ተባለ። በኋላ የድልድዩ ፕሮቲኖች ቅርጽ ሲታይ ስብ የሚይዝ ጎድጓዳ ኪስ ተገኘባቸው። ስቡ ውሃ ሳይነካው ያልፋል ማለት ነው።

እርሾ ደግሞ መጠባበቂያ አለው። ኤርሜስ ቢሰበር ማይቶኮንድሪያው ቫኪዩል ከሚባለው ክፍል ጋር ያለውን ሌላ ድልድይ ያሰፋል። ሁለቱም ከተሰበሩ ሴሉ ይሞታል።

ስቡ ገባ እንበል። የመጣው ሁሉ ያለቀለት ዕቃ አይደለም። ማይቶኮንድሪያው ከሚደርሰው ጥሬ ዕቃ ራሱ የሚሠራው ልዩ ስብ አለ፦ ካርዲዮሊፒን። ሜሪ ፓንግቦርን በ1942 ከበሬ ልብ ነጥላ ስላወጣችው ስሙ ከልብ ተወሰደ። (እግረ መንገዴን፦ ለነፍሰ ጡሮች የሚታዘዘው ቪዲአርኤል የተባለው የቂጥኝ ምርመራ የሚሠራው በዚሁ ስብ ነው።) የሽፋን ስብ በአብዛኛው ሁለት ጭራ አለው፤ ካርዲዮሊፒን አራት። ጭንቅላቱ ከጭራዎቹ አንጻር ጠባብ ስለሆነ ሽፋኑ የሚታጠፍበት ቦታ ይመቸዋል። ፎስፋቲዲል ኤታኖላሚን የሚባል ሌላ ስብም ተመሳሳይ ጸባይ አለው፤ የዚህም አንዱ ማምረቻ እዚያው ውስጠኛው ሽፋን ላይ ነው። ከካርዲዮሊፒን ማምረቻና ከዚህኛው አንዱ ሲጠፋ እርሾው እየተንገዳገደም ቢሆን ይኖራል። ሁለቱም ሲጠፉ አይተርፍም።

[ምስል፦ የውስጠኛው ሽፋን በቅርበት]

ስብ ብቻውን ግን ሽንሽን አይሠራም። እጥፋቱ ጫፍ ላይ ኤቲፒ (ሴሉ የሚጠቀምበትን ኃይል የሚሸከም ሞለኪውል) የሚያመርቱት ማሽኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰለፋሉ፤ ሽፋኑን የሚያጎብጡት እነሱ ናቸው። ጥንድ መሆን ካቃታቸው የውስጠኛው ሽፋን እንደ ሽንኩርት ይደራረባል። መግቢያው ላይ፣ እንደ ጀበና አንገት በሚጠብበት ቦታ፣ ማይኮስ የተባለ የፕሮቲኖች ስብስብ ቆሟል። በ2011 ሦስት ቡድኖች ለየብቻ ደረሱበት። በእርሾ ስድስት ፕሮቲኖች አሉት። ማይኮስ ሲጠፋ እጥፋቶቹ ከግድግዳው ተላቀው እንደ ሞሶብ እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ ይነጠፋሉ።

አሁን ወደ ሰው። በ1983 ፒተር ባርዝ የተባለ የኔዘርላንድስ ሐኪም፣ ወንዶች ልጆችን የሚያጠቃና ልብና ጡንቻን የሚያደክም የዘር በሽታ ገለጸ። ጂኑ በ1996 ተገኘና ታፋዚን ተባለ። ስሙ የተወሰደው ራሱን በጠርሙስ ከሚደበድብ የጣልያን ቲቪ ኮሜዲ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ሳይንቲስቶችም ይቀልዳሉ! የታፋዚን ሥራ የካርዲዮሊፒንን ጭራዎች መቀያየር ነው። እርሾም የራሱ ታፋዚን አለው።

ከሰው ጂን ደግሞ ከአንድ በላይ የታፋዚን ዓይነት ሊወጣ ይችላል። የትኛው ነው የሚሠራው? በ2003 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የራሱን ታፋዚን ያጣ እርሾ ወሰዱ። የሰውን ዓይነቶች በየተራ ሰጡት። ካርዲዮሊፒኑ የተስተካከለው በአንዱ ብቻ ነበር።