ሚስማር ተራ ሆኖ ኢብሮክስን ማሰብ

ክቡራን የመድረኩ መሪዎች፣ የደጋፊ ማኅበራት ተወካዮች፣ ዛሬ ሥልጠናችሁን የምታጠናቅቁ የስታዲየም አስተባባሪዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እንደምን አረፈዳችሁ።

አዘጋጆቹ በጻፉልኝ ደብዳቤ «የጎረቤት አገሮች ግጥሚያና የደጋፊ ጨዋነት» በሚል ርእስ ግማሽ ሰዓት እንድናገር ጠይቀውኛል። ስለ ጨዋነት የሚመክረን ሰው አጥተን አናውቅም። እኔ በሙያዬ የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ፤ ከሙያዬ በፊት ደግሞ በአዲስ አበባ ስታዲየም የሚስማር ተራ ተመልካች ነበርኩ። ከእናንተም መካከል ካታንጋ ያደጋችሁ፣ ከማን አንሼ የጮሃችሁ፣ አንድ ቀን ገንዘብ ሲገኝ ጥላ ፎቅ ገብታችሁ ጨዋታው የቀዘቀዘባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ርእሱን አክብሬ በስኮትላንድ በኢብሮክስ ስታዲየም ስለ ተደረገ የጎረቤታሞች ግጥሚያ እናገራለሁ፤ ዓይኔ ግን ኳሱን ትቶ ተመልካቹ የቆመበትን ወለል ቢያይ እንዳትቀየሙኝ።

በዓለም የመጀመሪያው እውቅና ያለው የአገሮች የእግር ኳስ ግጥሚያ የተደረገው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1872 በስኮትላንድና በእንግሊዝ መካከል ነው። ቦታው ግላስጎው አጠገብ ፓርቲክ በሚባል ሰፈር የሚገኝ የክሪኬት ሜዳ ሲሆን፣ ወደ 4,000 ሰው ተመልክቶት ያለ ግብ ተጠናቋል። ሁለቱ አገሮች የሚያድሩት በአንድ ዘውድ ሥር ነው፤ ኳስ ሲመጣ ግን ዘውዱም ፓርላማውም ይረሳል። በየዓመቱ እየተገናኙ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የ4,000 ሰው ጉዳይ የነበረው ግጥሚያ የብዙ አሥር ሺዎች ጉዳይ ሆነ። ኳሱ ያው ኳስ፣ ሜዳውም ያው ሜዳ ነው፤ ያደገው ሕዝቡ ነው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መቆሚያ ማን ይሥራ፣ ከምን ይሥራ፣ ስንት ሰው ያስገባበት የሚለው ጥያቄ ግን ከሕዝቡ ቁጥር እኩል አላደገም።

ግላስጎው ውስጥ ይህን ግጥሚያ የማስተናገድ ክብር ራሱን የቻለ ፉክክር ነበር። ከተማዋን የሚከፍሉት ሁለቱ ክለቦች፣ ሬንጀርስና ሴልቲክ፣ በሜዳ ብቻ ሳይሆን በስታዲየምም ይፎካከሩ ነበር፤ የእንግሊዝን ጨዋታ ያገኘ ክለብ ገንዘቡንም ስሙንም ያገኛል። ሬንጀርስ በዚያው ዘመን ኢብሮክስ የተባለውን አዲስ ሜዳ ሠራ። ንድፉን ያወጣው አርቺባልድ ሊች የሚባል የግላስጎው መሐንዲስ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው የመቆሚያ ቦታ ከፍታው ወደ 12 ሜትር ይደርሳል። አሠራሩን በእኛ በአናጢዎቹ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ከሥር የብረት ቋሚዎች ቆመዋል፤ በቋሚዎቹ ላይ የእንጨት ወራጅ ተጋድሟል፤ በወራጁ ላይ ጣውላ ተመትቷል፤ በጣውላው ላይ ሰው ይቆማል። ወንበር የለም። ሰው ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ነው የሚቆመው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1902፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው። ያኔ እኛ ዘንድ የባቡሩ ሐዲድ ገና ድሬዳዋ አልደረሰም። በኢብሮክስ ስኮትላንድና እንግሊዝ ይጫወታሉ፤ ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የተመልካቹ ቁጥር ወደ 68,000 ይገመታል። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር ይባላል። ቦቢ ቴምፕልተን የተባለው የስኮትላንድ የክንፍ ተጫዋች ኳስ ይዞ በመስመሩ ሲፈተለክ፣ ላይኛው ረድፍ ላይ ያሉት እሱን ለማየት አንድ ላይ ተንጠራርተው አዘነበሉ የሚልም ወሬ አለ። ይህ እውነት ይሁን አይሁን፣ እኔ እንደ ሚስማር ተራ ልጅ አምነዋለሁ፤ የክንፍ ተጫዋች ሲሮጥ ዝም ብሎ የሚቆም ተመልካች አይቼ አላውቅም።

ጣውላው ተሰበረ። ብረቱ እንደ ቆመ ቀርቶ፣ በብረቱ መካከል ያለው ወለል ብቻ ተሰነጠቀና ርዝመቱ ከ20 ሜትር በላይ የሆነ ክፍተት ተፈጠረ። በዚያ ክፍተት ላይ ቆመው የነበሩት ሰዎች በቋሚዎቹ መካከል አልፈው መሬት ላይ ወደቁ፤ የመጀመሪያዎቹ መሬት ላይ፣ የኋለኞቹ በመጀመሪያዎቹ ላይ። 25 ሰዎች ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ከወዲያኛው ማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ትሪቡኑ እንደ ቆመ ነው፤ አልተደረመሰምና። ስለዚህ ከተመልካቹ ብዙው ምን እንደ ሆነ አላወቀም። ከእንጨት የተሠራ መወጣጫ ሰው ሲጥል ምን እንደሚመስል እናንተን ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ የቤተ ክርስቲያን ግንባታ መወጣጫ ተደርምሶ ሰው ያለቀበት የአረርቲው ሐዘን ገና ከልባችን አልወጣም።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር እገባለሁ። ጨዋታው ወደ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቋረጠ፤ ከዚያም ቀጠለ። አዎ፣ ቀጠለ! ቁስለኞች በተጫዋቾቹ መልበሻ ክፍል ተኝተው፣ ሬሳ ከትሪቡኑ ሥር እየወጣ፣ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ አንድ ለአንድ እስኪያልቅ ድረስ ተጫወቱ። የዘመኑ ጋዜጦች እንደ ጻፉት፣ ጨዋታው ሲቀጥል በተሰበረው ትሪቡን ላይ ተመልሶ የቆመ ሰውም ነበር። ሹማምንቱ ምክንያት አላቸው፤ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ቢገለበጥ ሌላ እልቂት ይመጣል፣ ቁስለኛ የሚያወጡትም መንገድ ያጣሉ ብለው ፈርተዋል። ይህ ምክንያት ቀላል አይደለም፤ እኔም ብሆን በዚያች ቅጽበት ምን እንደማደርግ አላውቅም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሕዝቡን በሰላም የሚያስወጡበት መንገድ እንደሌላቸው ያወቁት ሰው ከሞተ በኋላ ነውን? ያን ሁሉ ሺህ ሰው ሲያስገቡ «በምን እናስወጣዋለን?» ያለ አንድ ሰው አልነበረምን? የመግቢያ ገንዘብ ሲቀበሉ በር ነበራቸው፤ ሰው ሲሞት ነው በር ያጡት!

በኋላ የእግር ኳስ ማኅበራቱ ተነጋግረው ውጤቱን ሰረዙት። ጨዋታው ሜይ 3 ቀን በበርሚንግሃም ከተማ በቪላ ፓርክ ተደግሞ ሁለት ለሁለት አለቀ፤ ገቢውም ለተጎጂዎች መርጃ ዋለ። ይህን በጎ ሥራ አላቃልልም። ነገር ግን አንድ ለአንድ የሚለው ውጤት ከመዝገብ ሲፋቅ፣ ነውሩ ያለው ውጤቱ ላይ እንደ ሆነ ተቆጠረ።

ፍርድ ቤት የቀረበው አንድ ሰው ነው። አሌክሳንደር ማክዱጋል የተባለው እንጨት አቅራቢ፣ ቀይ ጥድ ማቅረብ ሲገባው ቢጫ ጥድ አቅርቧል በሚል በሰው ሞት ተከሰሰ። ቢጫው ጥድ ከቀዩ ይለሰልሳል፤ ርካሽም ነው። ክርክሩ በእንጨቱ ዓይነትና በንድፉ ላይ ተካሄደ፤ በመጨረሻም ሰውዬው በነፃ ተለቀቀ። ለነጋዴው ጥብቅና አልቆምም፤ ወጣቶቹ ግን ልብ በሉልኝ። ስለ ጥዱ ቀለም ያ ሁሉ ሲባል፣ በዚያ ወለል ላይ ስንት ሰው ይቁም ብሎ የወሰነው ሰው በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አልቆመም።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ነገር ካላጫወትኋችሁ ንግግሬ ጎደሎ ይሆንብኛል። ከትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ተልኬ ነበር። ለበዓል የእንግዶች መቀመጫ ይሠራ ተባለና ከባህር ዛፍ ቋሚና ከጣውላ ሰባት ረድፍ ያለው ደረጃ ተሠራ። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የቋሚውን ውፍረት ጽፌ ሰጥቻለሁ። ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ስደርስ ግን የቆመው እንጨት እኔ የጻፍሁት አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ከመቆረጡም አልሰነበተም፤ ጥፍሬን ስጭንበት ውኃው ይወጣል። ፎርማኑን ጠራሁት። ምንም አልተናገረም፤ ጫማውን አውልቆ ላይኛው ረድፍ ላይ ወጣና ሦስት ጊዜ ዘለለ። ከዚያም እጁን ዘርግቶ «ይኸው ኢንጂነር፣ ምን ሆነ?» አለኝ። በእርግጥ ምንም አልሆነም። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። አንድ ሽማግሌ አናጢ ብቻ አልሳቀም። በመዶሻው ጀርባ ወራጆቹን አንድ በአንድ እየመታ፣ ጆሮውን ደቀን እያደረገ ሄደ፤ አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመና «ልጄ፣ ይሄ ለአንድ ሰው እሺ ይላል። ሰልፍ ሲመጣና ሁሉም አንድ ላይ ብድግ ሲል እኔ ከሥሩ አልገኝም» አለኝ። ያ ሰው ቀለም አልቆጠረም፤ እኔ ሁለት ሴሚስተር ሙሉ የተማርኩትን ግን በአንድ አፍ ጨረሰው። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ መዝለሉና ሦስት መቶ ሰው አንድ ጊዜ ብድግ ማለቱ በጭራሽ አይገናኙም። ቆሞ የሚጫነው ሰው ሌላ፣ የሚወዛወዘው ሰው ሌላ ነው።

ሰባቱ ረድፍ ወደ አራት ይቀነስ፣ ከሥርም ድጋፍ ይግባ ብዬ ጻፍሁ። የበዓሉ ኃላፊ ቢሮ አስጠርተውኝ «እንግዶቹን አንተ ጭንቅላት ላይ ላስቀምጣቸው?» አሉኝ፤ ሌላም ብዙ ተናገሩኝ። ሆኖም ቀነሱት፤ ያስፈራቸው ፊርማዬ ይመስለኛል። በዓሉ ተከበረ፤ ምንም አልሆነም። ምንም ስላልሆነ ደግሞ እስከ ዝውውሬ ቀን ድረስ በዚያ ከተማ ስሜ «ፈሪው መሐንዲስ» ነበር። ኢብሮክስን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ያ ፎርማን ነው። እዚያም አንድ ሰው ጨዋታው ሳይጀምር ጣውላው ላይ ዘሎ «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ያለ ይመስለኛል።

ሊች ከአደጋው በኋላ ሥራው አልቆመም። በዕለቱ እዚያው ሜዳ ላይ ተገኝቶ የሆነውን በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ የእንጨት መቆሚያ በየስታዲየሙ እየቀረ፣ መቆሚያው በተደለደለ አፈር ላይ መሠራት ጀመረ። እሱም የእንግሊዝን ትልልቅ ሜዳዎች፣ ኦልድ ትራፎርድን ጨምሮ፣ ነደፈ። እ.ኤ.አ. በ1929 የተከፈተውን የኢብሮክስ ዋና ትሪቡንም የነደፈው እሱው ነው፤ ፊቱ ዛሬም ቆሟል። አፈር አይሰበርም። ሰው ግን የሚሞተው እንጨት ሲሰበር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በዚያው በኢብሮክስ፣ 13 ቁጥር በሚባለው ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች ተረግጠው ሞቱ። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1971፣ ሬንጀርስና ሴልቲክ ተጫውተው ሕዝቡ ሲወጣ፣ በዚያው ደረጃ ላይ 66 ሰዎች አለቁ። በብሪታንያ የስፖርት ሜዳዎች ደኅንነት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እንግዲህ ትልቅ ስታዲየም የያዘ ክለብ ስንት ሰው እንደሚያስገባ በጽሑፍ ተወስኖለት የምስክር ወረቀት ይያዝ ለማለት፣ ከመጀመሪያው አደጋ 73 ዓመት ፈጅቷል። እኛም ሰባ ሦስት ዓመት እንጠብቅ?

የእኛን ነገር ባጭሩ ልበል፤ ታውቁታላችሁና። ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳው መጫወት ያለበትን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት አብረን አፍረናል፤ ሣሩንም፣ መብራቱንም፣ መልበሻ ክፍሉንም ስንወቅስ ከርመናል። ስለ ተመልካቹ መውጫ በር ሲወራ ግን ብዙም አልሰማሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ስታዲየም በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ እንደ እናንተ ሰደርያ የለበሰ አንድ ልጅ «ሞልቷል» ብሎ በሩን ሲዘጋ አየሁ። ወዲያው ስልክ ተደወለለት፤ በሩን ከፈተና የቀረውን ሕዝብ አስገባ። ሲያስገባ ፊቱን አይቼዋለሁ። ሰደርያ ሰጥተውታል፤ ሥልጣን አልሰጡትም። ለአለቆቻችሁ የምለው ይኸው ነው፦ በየትሪቡኑ በር ላይ የሚይዘው የሰው ቁጥር በትልቁ ይጻፍ፤ ቁጥሩ ሲሞላ በሩን የሚዘጋው ልጅ ከማንም ስልክ አይቀበል! ሌላው ሁሉ፣ ጨዋነቱም ዝማሬውም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ስለ ደጋፊ ማኅበራት አደረጃጀትና ስለ ሕክምና ቡድን ያዘጋጀሁት ሁለት ገጽ ነበር፤ ሰዓቴ ስላለቀ ወረቀቱን ለአዘጋጆቹ እሰጣለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ወደዚህ አዳራሽ ስገባ በር ላይ ያለውን ጥበቃ «ይህ አዳራሽ ስንት ሰው ይይዛል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ትንሽ አሰበና «የመጣውን ሁሉ፣ ጋሼ» አለኝ። ወንበሮቹን ራሴ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ 240 ናቸው፤ ከኋላ የቆማችሁትን ግን አልቆጠርኩም። የጎን በሩም ተቆልፏል፤ ሻይ ሰዓት ላይ ቁልፉ ያለው ሰው ቢከፍትልን ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።