የላይኛውን ፍላንጅ ማን ያዘው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ጅማ ነኝ፤ ዝናቡ ገና አሁን አባራ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ አንድ የቆየ ባለ ፎቅ ቤት እያደስን ነው። ባለቤቷ የምድሩን ግድግዳ አስፈርሰው ሰፊ ካፌ ሊከፍቱ ነው። ከላይ ግን የጡብ ግድግዳ አለ። እሱን የሚሸከም የብረት ቢም ከሥሩ ይገባል፤ ትራንስፈር ቢም የምንለው። 6 ሜትር፣ አይ ፒ ኢ 300፤ ማለትም ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ«I» ቅርጽ ያለው ብረት። ዲዛይኑን ስሠራ የላይኛውን ፍላንጅ፣ ማለትም የቢሙን የላይኛ ጠፍጣፋ ክንፍ፣ የወለሉ ሞራሌዎች ይይዙታል ብዬ ነበር።

ኮርኒሱ ሲከፈት አናጢው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ና እስቲ እይ። እንጨቶቹ እኮ በዚህ ነው የሚሄዱት» ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። ሞራሌዎቹ ቢሙ ከሚገባበት መስመር ጋር ጎን ለጎን ነው የተዘረጉት። አንዱም አይነካውም። ልቤ ድንግጥ አለ።

ለምን መሰላችሁ? ክረምት ላይ ቦይ ለመሻገር ጣውላ ጣል እናደርጋለን አይደል? በጠፍጣፋው ከሆነ ይጎብጣል። በጠርዙ ብታቆሙት አይጎብጥም፤ ግን ስትረግጡት ይገለበጣል። የኔም ቢም ያው ነው። ወደ ታች ያለው ግትርነት ወደ ጎን ካለው 14 እጥፍ ገደማ ነው። ጭነት ሲበዛበት የተጨመቀው የላይኛው ፍላንጅ ወደ ጎን ያመልጣል፣ ቢሙም ይጠመዘዛል። ብረቱ ገና አቅም እያለው!

«ግድግዳው ራሱ ተጭኖ ይዞት የለ?» የሚል ሳይት ላይ አይጠፋም። እኔ አልቀበለውም። ከላይ ያረፈ፣ ያልታሰረ ጭነት ቢሙ መዘንበል ሲጀምር አብሮ ሄዶ ይብስ ይገፋዋል።

ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ብዙ አይደለም። ሞመንቱ፣ ማለትም ቢሙን የሚያጎብጠው ጫና፣ 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር ቢሆን፣ ለቢሙ ቁመት ለ30 ሳንቲ ሜትር ስታካፍሉት ፍላንጁ ላይ 300 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። የተለመደው ግምት የዚህ 2 በመቶ ነው፤ 6 ኪሎ ኒውተን። 6 ኩንታል ቡና በሉት። ችግሩ ጥንካሬ ብቻ አይበቃም። መሐንዲሱ ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳሳየው ድጋፉ ግትርም መሆን አለበት። ቢሙ ካመለጠ በኋላ የሚይዝ ድጋፍ ምን ይረባል?

ደግነቱ ቢሙ ገና መሬት ላይ ነበር፤ ግድግዳውም በፑንቴሎ አልተያዘም። በየ2 ሜትሩ፣ ከላይኛው ፍላንጅ ሥር አንግል አስበየድኩ። ቢሙ ቦታው ሲገባ አናጢው ከአንግሉ እስከ ሦስተኛው ሞራሌ ድረስ በግራም በቀኝም ቁራጭ እንጨት በቡሎን አሰሩ። ከላይ ያለው ጣውላ በደንብ ስለተመታ ኃይሉን ወደ ጎን ግድግዳዎቹ ያደርሰዋል። ጫፎቹ ላይም እንዳይጠመዘዝ ላሜራ ገባ።

ኮርኒሱ ሳይዘጋ ፎቶ አንስቼ ለባለቤቷ ሰጠኋቸው። ሌላ ጊዜ የሚከፍተው ሰው «ይሄ ቁራጭ እንጨት ምን ይሠራል?» ብሎ እንዳያወጣው።