በድሬ ሙቀት ኮፍያውን የማያወልቀው ወንድማችን

በዛሬው የአድማጮች ጥያቄ ሦስት ወንዶች ስለ ገጽታቸው ጠይቀዋል። የምመልሰው እንደ ቆዳ ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ከቆዳ ያለፈ ነው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ዶክተር፣ 27 ዓመቴ ነው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። ፀጉሬ ከፊት እየሸሸ መሃሉም ሳስቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ኮፍያ አላወለቅኩም፤ ማታም፣ ቤት ውስጥም። በርጫ ላይ ጓደኞቼ «መላጣው» እያሉ ይስቃሉ። ቤተሰብ አግባ ይለኛል፤ እኔ ግን ልጅቷን ሄጄ ማየት ፈራሁ። ወንድነቴ ላይ የጎደለ ነገር አለ?

መልስ፦ የለም ወንድሜ፣ ምንም አልጎደለብህም። የመላጣ ሰው የወንድ ሆርሞን ከሌላው አያንስም። ልዩነቱ የፀጉሩ ሥር ላይ ነው። ዋናው የወንድ ሆርሞን ቴስቶስትሮን ሰውነት ውስጥ ዲኤችቲ ወደሚባል ሆርሞን ይቀየራል። በዘር ይህን ሆርሞን የማይችል ሥር እየቀጠነ ይሄዳል። ዘሩ ከእናትም ከአባትም ይመጣል። ኮፍያ ማድረግ መላጣ አያደርግም።

ሚኖክሲዲል የሚባል የሚቀባ መድኃኒት አለ። ውጤቱን ለማየት ቢያንስ 4 ወር ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ካቆምከው ደግሞ ያበቀልከው ተመልሶ ይረግፋል። ስለዚህ ወጪውን የዓመታት አድርገህ አስበው። ፊናስቴራይድ የሚባል ክኒንም አለ። አንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ያለ ሐኪም አይጀመርም። በክብ በክብ የሚረግፍ ወይም የሚያሳክክና የሚቀረፍ ከሆነ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም አሳየው።

አሁን ወደ ኮፍያው ልመለስ። ለድሬ ፀሐይ ብለህ አድርገው፤ ፀጉሩ የሳሳ ራስ ቶሎ ይቃጠላል። አንተ ግን ማታም አታወልቀውም። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። እንዳንተ ሆነው የሚመጡ ወንዶች መጀመሪያ ፎቶ መነሳት ይተዋሉ፣ ቀጥሎ ሠርግ መሄድ፣ ቀጥሎ ዘመድ መጠየቅ።

እንዲህ አድርግ። የምታምነው ፀጉር አስተካካይ ጋ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂድና በማሽን በጣም አጭር ተቆረጥ። ሲያጥር የሳሳው ከሌላው ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ ከጀመዓው የሚቀርብህን አንዱን ለብቻው ጥራና «አቦ፣ ይሄ ቀልድ ያመኛል» በለው። ድሬ ላይ ቀልድ የፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አብረሃቸው እየሳቅክ እንደሚያምህ በምን ይወቁ? ልጅቷንም ያለ ኮፍያ ሄደህ እያት።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ ጂም እሠራለሁ። ጡንቻ ያወጣል የተባለ መርፌ ከጀመርኩ ወዲህ ጀርባዬን ብጉር ወረሰው። ከእሱ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መርፌ ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ የወንድ ሆርሞን ነው። ሰውነት ከውጭ ሆርሞን ሲያገኝ የራሱን ማምረት ይተዋል። ቆለጥ ያንሳል፣ የወንድ ዘር ይቀንሳል፤ ልጅ መውለድ ሊቸግርህ ይችላል። ወጣቶች ወንድ ለመምሰል ብለው እዚህ መድረሳቸው ያሳዝነኛል። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድ። አትፈር፤ ሳትደብቅ ንገረው።

ጥያቄ (በመልእክት የደረሰን)፦ 19 ዓመቴ ነው። ጺሜ ሳስቷል። ቶሎ ቶሎ ብላጨው ይወፍራል?

መልስ፦ አይወፍርም። ምላጭ ሥሩ ጋ አይደርስም፤ የተቆረጠው ጫፍ ግን ደንደን ስለሚል የወፈረ ይመስላል። ገና ነህ፣ ጺም በ20ዎቹ ዕድሜም መሙላቱን ይቀጥላል። ምላጭህን ብቻ ከማንም ጋር አትጋራ።