አጥንቱ ገጥሟል፣ ህመሙ ለምን አልሄደም?

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ስለ መንጋጋ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ከሠራሁት ቪዲዮ በኋላ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መጣ። «ስምንት ወር አለፈኝ፣ ራጁ ደህና ነው ይሉኛል፣ እኔ ግን ያመኛል።»

እስቲ ፒያሳን አስቡ። መንገዱ ሲቆፈር አይታችኋል። ኤክስካቫተሩ መጣ፣ አስፋልቱን ገለበጠው፣ ቱቦው ተቀበረ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ ተደለደለ። አዲስ አስፋልት፣ አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ መብራት። ያምራል! ያየ ሁሉ «አለቀ» ይላል። ከዚያ አንዷ ባለሱቅ የመስመር ስልኳን ታነሳለች፤ ሽሽሽሽ... መስመሩ ቢበጠስማ ጭጭ ይል ነበር። አልተበጠሰም፤ ተጎትቶ፣ ተጨፍልቆ ውስጡ ተጎድቷል። ስለዚህ ማንም ሳይደውል ይጮኻል። አስፋልቱን መቶ ጊዜ ብትመረምሩት ምንም አታገኙም። ራጅ የሚያሳየው አስፋልቱን ነው፣ ወዳጆቼ። አስፋልቱን!

ቀዶ ሕክምናው ራሱ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ትራውነርና ኦብዌገዘር የተባሉ ሐኪሞች ባሳተሙት ዘዴ የታችኛው መንጋጋ በግራም በቀኝም በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል፣ በቲታኒየም ፕሌትና ብሎን ይታሰራል። የታችኛው ከንፈርና የአገጭ ስሜት ነርቭ በዚያው አጥንት ውስጥ ያልፋል፤ የስልክ መስመሩ እሱ ነው። አጥንቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይይዛል። የተጎዳ ነርቭ ግን ሲያገግም በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። አብዛኛው ሰው እያደር ይሻለዋል፤ ከ3 ወር ያለፈ ህመም ግን ዝም አይባልም።

አሁን ወደ ብርዱ። «ብርድ ገብቶበት ነው»፣ «ብረቱ ዝጎ ነው፣ አስወጪው» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ቲታኒየም አይዝግም። ፕሌቱ ከላላ ወይም ካመረቀዘ ሊወጣ ይችላል፣ እሱ ሌላ ነው። ብርዱን ግን እንዲሁ ከየት አመጣችሁት አልልም። ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ያደረገችው የአክስቴ ልጅ ሐምሌ ላይ አራት ኪሎ ታክሲ ስትጠብቅ ነጠላዋን በእጇ ከአገጯ አርቃ ትይዛለች፤ የነጠላው ጥለት ሲነካት እንደ ፍም ያቃጥላታል። ቤት ገብታ ስትበላ ደግሞ ሽሮው አገጯ ላይ ሲንጠባጠብ አታውቅም። የደነዘዘው ቦታ ራሱ ነው የሚያቃጥላት! እናቷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባቻት፣ በፍቅር ነው። ብርዱ ግን ህመሙን ይቀሰቅሳል እንጂ አላመጣውም። የተጎዳ ነርቭ ለንፋስም ለነጠላም ይጮኻል።

ለዚህ ነው ዳይክሎፌናክ እየደራረቡ መዋጥ ብዙም የማይረዳው፤ ጨጓራና ኩላሊት ነው የሚጎዳው። የነርቭ ህመም የራሱ መድኃኒት አለው፤ እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ፣ ሐኪም በትንሹ ጀምሮ የሚያስተካክላቸው። አሚትሪፕቲሊን ለድብርትም ስለሚታዘዝ የአክስቴ ልጅ «አበደች ሊሉኝ ነው» ብላ ሁለት ሳምንት ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃው ነበር። እባካችሁ አትደብቁት! ለነርቭ ህመም ሲታዘዝ ሥራው እዚያው ጩኸቱ ላይ ነው።

ሐኪም ጋ ስትገቡ «ያመኛል» ብቻ አትበሉ። ያቃጥላል? እንደ ኮረንቲ ይነዝራል? ወይስ ስታኝኩ ጆሯችሁ ስር ይወጋል? የመጨረሻው ከሆነ ምናልባት መገጣጠሚያው ወይም ጡንቻው ነው፣ ሕክምናውም ይለያል። የሚያመውን ቦታ በጣታችሁ ዙሩበትና አሳዩ።

የመገጣጠሚያውን ነገር በሚቀጥለው ቪዲዮ እመለስበታለሁ፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።